ደብዛዛዋ ነጭ ኮከብ

ወላጆች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ለጥምቀት ወደ ባሕር ዳር የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ጨረቃን ወይም ጁፒተርን የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ዛሬ የማሳያችሁ 40 ኤሪዳኒ ቢ የምትባል ደብዛዛ ኮከብ ነው። ከሁሉም አስበልጬ የምወዳት እሷን ነው።

እስቲ ጣናን ከጀርባችን አድርገን ወደ ደቡብ እንዙር። ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ ከፍ ብሎ ይታያል። ከእግሩ ላይ ያለው ደማቅ ኮከብ ራይጀል ነው። እጃችሁን ዘርጉና ከራይጀል ወደ ቀኝ አንድ ጭብጥ ተኩል ያህል ለኩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፈዛዛ ኮከቦች አሉ። ከሁለቱ ደብዘዝ የምትለው 40 ኤሪዳኒ ናት። የኛዋ 40 ኤሪዳኒ ቢ የእሷ ጓደኛ ናት፤ ያለ ቴሌስኮፕ አትታይም።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1783 አይቷታል። እንግዳ ነገር መሆኗ የታወቀው ግን በ1910 ነው። ያኔ ደብዛዛ ኮከብ ሁሉ ቀይ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሄንሪ ኖሪስ ራስል የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ከሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ (የኮከብ መመልከቻ ተቋም) ዳይሬክተር ከኤድዋርድ ፒከሪንግ ጋር ሲያወራ ይቺን ኮከብ ጠቀሰ። ፒከሪንግ ወዲያው ቢሮ አስደወለ። ዊልያሚና ፍሌሚንግ መዝገቡን አይታ መልሱን ላከች፤ ኮከቧ ነጭ ናት። ራስል ግራ ገባው። ፍሌሚንግ በፒከሪንግ ቤት የቤት ሠራተኛ የነበረች ሴት ናት። ሴት ተማሪዎች፣ ስሟን ያዙልኝ።

ለምን ግራ ገባው? ነጭ ኮከብ በጣም ትኩስ ነው። የዚህችም ሙቀት ከ16 ሺህ ዲግሪ በላይ ነው፤ ከፀሐይ ገጽ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። ብርሃኗ ግን ከፀሐይ 1 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ርቀቷም ሰበብ አይሆንም፤ 16 የብርሃን ዓመት ለኮከብ ቅርብ ነው። እንግዲህ የቀረው መልስ አንድ ነው፤ በጣም ትንሽ ናት። ስፋቷ ከመሬት ብዙም አይበልጥም። ክብደቷ ግን ከግማሽ ፀሐይ ይበልጣል! ከእሷ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢቀዳ ከ15 ኩንታል በላይ ይመዝናል።

እንዲህ ያሉትን ነጭ ድንክ ይሏቸዋል። ነዳጁን ጨርሶ፣ ውጪውን በትኖ፣ እምብርቱ ብቻ የቀረ ኮከብ ማለት ነው። አሁን የሚያበራት የቀድሞ ሙቀቷ ነው፤ ቀስ እያለች ትቀዘቅዛለች።

በቴሌስኮፑ መጀመሪያ የምታዩት ብርቱካንማዋን ትልቋን ነው። ትንሿ ከአጠገቧ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነጥብ ሆና ትታያለች። ካልታየቻችሁ በቀጥታ አትፍጠጡ፤ ዓይናችሁን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉ። የስልክ መብራት ይጥፋ። ሰልፉ በዚህ በኩል ነው፣ ልጆች ይቅደሙ።