ፊታችሁ ጀጎል ነው፤ ጭቃውን አትጠቡት

ሰላም ሰላም የድሬ ልጆች! ሐረሮች፣ ጅግጅጋዎች፣ ከሩቅ አገርም የምታዩኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር ነው የተቀመጥኩት። ገና ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፣ ከጥላው ውጪ ግን መቆም አይቻልም አቦ።

መጀመሪያ ክንዴን እዩልኝ። እዚህ፣ ክርኔ መታጠፊያው ላይ፣ በእስክርቢቶ ያከበብኳት ቦታ አለች። አያችኋት? እሷን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "ፊቴን የማይጎዳኝ ምን ልግዛ?" እሺ። ገበያ ከመውጣታችን በፊት ግን ሐረር ልውሰዳችሁ።

ጀጎልን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኤሚር ኑር ጊዜ የታጠረ ግንብ ነው፤ ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ግን ቀርባችሁ በእጃችሁ ነክታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ባለፈው ስሄድ ነካሁት። ድንጋይ አለ። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ደግሞ ጭቃ አለ። ድንጋዩ ብቻውን ክምር ነው፤ ግንብ ያደረገው ጭቃው ነው። ልድገመው፤ ግንብ ያደረገው ጭቃው ነው!

የፊታችን የላይኛው ሽፋን ልክ እንደዚያ ነው። ድንጋዮቹ ጠፍጣፋ፣ የሞቱ የቆዳ ሴሎች ናቸው። ጭቃው ቅባት ነው፤ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮል፣ ፋቲ አሲድ። ጭቃው ታጥቦ ሲሄድ የውስጡ እርጥበት ያመልጣል፣ የውጪው ነገር ደግሞ ዘው ብሎ ይገባል። ጀጎል ግንቡ ሥር ለጅብ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፣ ማታ ማታ ይገቡበታል። ሐረሮች ከጅቡ ጋር ተስማምተው ነው የሚኖሩት። ቆዳችሁ ግን ከሽቶና ከማቅለሚያ ጋር አልተስማማም፣ ስለዚህ ቀዳዳ አትክፈቱበት።

እሺ፣ ቶሎ ቶሎ እንሂድ። ፒኤች ታውቃላችሁ፣ የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲድነቱ ይበዛል። ቆዳችን 5 አካባቢ ነው፣ ደረቅ የገላ ሳሙና ብዙውን ጊዜ 9 ወይም 10። ለዚህ ነው ታጥባችሁ ስትወጡ ፊታችሁ የሚጨመድደው። ስለዚህ ለፊት ተብሎ የተሠራ፣ ሽቶ የሌለው፣ ብዙ አረፋ የማያወጣ መታጠቢያ። ከዚያ ፊታችሁ እርጥብ እንዳለ ግሊሰሪን ወይም ሴራማይድ ያለው ክሬም። ማሸጊያው ላይ ያለው ዝርዝር ከብዙ ወደ ትንሽ ነው የሚጻፈው፤ በትልቁ የተለጠፈው ነገር ዝርዝሩ ውስጥ መጨረሻ ላይ ከሆነ፣ ለስሙ ነው የገባው። ጀርባው ላይ ደግሞ የተከፈተ ብልቃጥ ሥዕልና 6 ወይም 12 ቁጥር አለ፤ ከከፈታችሁት በኋላ የሚቆይበት ወር ነው። መስታወት ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ክሬም አትግዙ። አለቀ።

እዚህ ጋ ግን ልቆም ነው፤ ባለፈው ቪዲዮ ፊት ላይ ሎሚ ስለመቀባት የጻፋችሁልኝ ብዛት! "ሎሚ ተፈጥሮ ነው፣ ምን ያደርጋል?" "ሲያቃጥል እየሠራ ነው ማለት ነው።" አይደለም የኔ እህት! ሲያቃጥል ቆዳሽ "ተይኝ" እያለሽ ነው። የሎሚ ፒኤች 2 አካባቢ ነው። ደግሞ የኛ ሎሚ፣ ትንሿ አረንጓዴዋ፣ ፉሮኩማሪን የሚባል ነገር አለባት። እሱ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ያውም ወዲያው አይታይም፤ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ይቀላል፣ ሲብስም ውኃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ጥቁር ምልክት ትቶ ለወራት ይቀመጣል። አስቡት፤ ማድያት ላጥፋ ብላ ሎሚ ተቀብታ፣ በድሬ ፀሐይ እስከ ታይዋን ገበያ ሄዳ፣ ሌላ ጥቁረት ይዛ ስትመለስ። በቤኪንግ ሶዳ የምታሹትም እንደዚያው፤ እሱ ደግሞ ከ8 በላይ ነው። ሎሚውን ሻያችሁ ውስጥ ጨምቁት። ይሄን የምታደርግ ጓደኛ ካለቻችሁ ቪዲዮውን አሁኑኑ ላኩላት፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም ቁልፉን ተጫኑልኝ።

"ታዲያ ከተፈጥሮ ምንም አትቀቢም?" እቀባለሁ እንጂ! ቃሲል። የቁርቁራ ዛፍ ቅጠል ነው። ጎረቤታችን አዴ ሲያዘጋጁት ቁጭ ብዬ አየሁ። የደረቀውን ቅጠል በሙቀጫ ወቀጡት፣ ከዚያ በስስ ጨርቅ ነፉት። ጨርቁ ላይ የቀረውን ጣቴ ላይ አድርገው "እሺው" አሉኝ፤ እንደ አሸዋ ይቧጭራል። ያለፈውን ደግሞ እርጥብ መዳፌ ላይ አደረጉት፤ እንደ ዱቄት ልስልስ ብሎ፣ ትንሽ አረንጓዴ አረፋ አወጣ። አረፋው ሳፖኒን ከሚባለው ነው፣ ቅጠሉ የራሱ ሳሙና አለው። እና አዴ አይፈትጉም። ይቀባሉ፣ ሳይደርቅ ይታጠባሉ። ገበያ ስትገዙ ያልተነፋ ከሆነ ቤት ወስዳችሁ ንፉት።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። የአክስቴ ልጅ ከሰርጓ 2 ወር በፊት፣ ዝርዝር ያልተጻፈበት "የሚያጠራ" ክሬም ከአንድ ሱቅ ገዛች። በሳምንቱ ፊቷ ጠራ፣ ሁሉም "ምን ተቀብተሽ ነው?" አላት። ስታቆመው ፊቷ ቀላ፣ ብጉር ወረራት፣ ሙሽርነቷን አለቀሰችበት። እንዲህ ዓይነት ክሬሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ ይገባል፤ ሐኪም ሲያዘው መድኃኒት ነው፣ ፊት ላይ በዘፈቀደ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል። አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፣ እሱ ኩላሊት ነው የሚጎዳው። ዝርዝር የሌለው ብልቃጥ ፊታችሁ ላይ አይውጣ፣ በነፃም ቢሰጧችሁ!

ሜካፕ ላይ አጭር ነኝ። ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ፣ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ፋውንዴሽኑንም ይተካላችኋል። ቀለሙ ብረት ኦክሳይድ ነው፤ ማድያት የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ይከላከላል፣ እንደ ነጩ የፀሐይ መከላከያም ፊት አያመድም። ኩል እወዳለሁ፣ ግን ከምን እንደተፈጨ ጠይቁ። ከጋሌና የሚፈጨው የእርሳስ (ሊድ) ማዕድን ነው፣ መርዝ ነው፤ ሕፃን ዓይን ላይ በጭራሽ!

በሉ ክንዴ። ይቺን ክሬም "መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ" የሚለውን አይቼ ነው የገዛኋት። ፊቴን ከመንካቷ በፊት ማታ ማታ እዚህች ክብ ውስጥ ቀባኋት። በሦስተኛው ቀን አሳከከችኝ፣ አቆምኩ። ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው፤ ካሜራውን ላቅርብ፣ አያችሁ? ሽፍታው ክቡን ሞልቶ በዚህ በኩል ወጥቷል። ዝርዝሩን ሳነበው የላቬንደርና የብርቱካን ዘይት አለበት። ተፈጥሯዊ ነው፣ አልዋሹም። ፊቴ ላይ ግን አትደርስም፤ እስኪሽርልኝ ቫዝሊን ብቻ እየቀባሁ ነው።