"ወላጅ አምጣ" ሳይባል

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለንም፣ ብቻዬን ነኝ። ልጆቻችን በሚማሩበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከማርች እስከ ጁን ስለሚሆነው ነገር ረጋ ብለን እናውራ ብዬ ነው። ሐሳቤ በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ካላችሁት ጋር ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም አብዛኛው ይመለከታችኋል፤ ሕጉን ግን የየአካባቢያችሁን ጠይቁ።

ባደግንበት አገር "ወላጅ አምጣ" የሚባል ነገር አለ። ይህ ከተባለ ልጁ አጥፍቷል ማለት ነው። ወላጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሲጠራ ነው፤ ካልተጠራ ሁሉ ሰላም ነው። ልጅን ለመምህሩ አስረክቦ ዞር ማለት አክብሮት ነበር። ያንን አክብሮት ይዘን ነው እዚህ የመጣነው። እዚህ ግን ዝም ያለ ወላጅ አክባሪ ሆኖ አይታይም፤ በቃ አይታወቅም። በጣም የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው። ለልጁ ሁለት ሥራ የሚሠራ አባት፣ ሌሊት ፈረቃ ገብታ ጠዋት ልጇን አውቶቡስ ላይ የምታሳፍር እናት፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሌሉ ያህል ይቆጠራሉ።

ለምን ጸደይ? ብዙዎቻችን ጉልበታችንን የምንጨርሰው ትምህርት ሲከፈት ነው። ቦርሳ፣ ደብተር፣ ጫማ፣ ክትባት። ማርች ሲደርስ ደክሞናል። የሚቀጥለው ዓመት የሚወሰነው ግን ያኔ ነው። ልጁ ከኢሶል፣ ማለትም እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች ከሚሰጠው ድጋፍ፣ ይወጣል ወይስ ይቀጥላል፣ ከየትኛው መምህር ጋር ይመደባል፣ የክረምት ትምህርት ቦታ ያገኛል ወይ፣ ታናሹ ኪንደርጋርተን ይገባል ወይ፣ ፒቲኤው፣ ማለትም የወላጆችና የመምህራን ማኅበሩ፣ በሚቀጥለው ዓመት ገንዘቡን ምን ላይ ያውላል፤ ይኼ ሁሉ በነዚህ ሦስት አራት ወራት ውስጥ ያልቃል።

መጀመሪያ ግን ወረቀቱን በትክክል እናንብብ። ከትምህርት ቤት የሚመጣ መልእክት አሁን በአብዛኛው በስልክ መተግበሪያ ነው፤ ወደ አማርኛም ይተረጎማል። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። እንግሊዝኛው "ከምሽቱ 6፡30" ሲል ማሽኑ ያንኑ ቁጥር እንዳለ ያስቀምጠዋል። የእኛ ሰው ግን አማርኛ ሲያነብ ሰዓቱንም በአማርኛ ነው የሚያስበው። የምሽት ስድስት ሰዓት ተኩል ማለት ለእኛ እኩለ ሌሊት አልፎ ነው። ዝግጅቱ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነበር። ቀኑም እንዲሁ ያሳስታል። 5/6 ተብሎ ሲጻፍ እዚህ ወሩ ይቀድማል፤ ሜይ 6 እንጂ ጁን 5 አይደለም። ስለዚህ የተተረጎመ መልእክት ሲደርሳችሁ ሰዓቱንና ቀኑን ከእንግሊዝኛው አመሳክሩ። ለአያት ወይም ለሞግዚት ስታስተላልፉ ደግሞ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት።

ወደ አስተርጓሚ ልሂድ። እባካችሁ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የስምንት ዓመት ልጅ መምህሯ "ንባብ ላይ ወደ ኋላ ቀርቷል" ስትል "ጎበዝ ነው አለች" ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም፤ ጉዳዩ ራሱ ነውና። አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፣ ልመና አይደለም። መሠረቱ የ1964ቱ የፌዴራል የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት፤ አማርኛ በዚህ ሕግ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ክፍያ የለውም። ነገር ግን በዕለቱ በር ላይ ደርሶ መጠየቅ ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ አስተርጓሚው ለሌላ ትምህርት ቤት ተይዞ ይሆናል። አንድ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የልጁን ሙሉ ስም፣ ክፍሉን፣ ቀኑን፣ "የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" የሚለውን፤ ይኼው ይበቃል።

ከመምህሯ ጋር ስትቀመጡ ምን ትጠይቃላችሁ? "እንዴት ነው ልጄ?" ካላችሁ "በጣም ጥሩ ነው" ትላችኋለች፤ ውይይቱም እዚያው ያበቃል። ኢሶል ውስጥ ያለ ልጅ ከጥር አካባቢ ጀምሮ አክሰስ የሚባል ፈተና ይወስዳል። በማዳመጥ፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ ለየብቻ ከ1 እስከ 6 ይመዘናል። ብዙውን ጊዜ ማዳመጡና መናገሩ ቀድሞ ይሄዳል፣ መጻፉ ይጎተታል። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛው ሲንቆረቆር ሰምተን "ይኼ ልጅ ምን ጎደለው፣ ለምን ከኢሶል አይወጣም?" የምንለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁ "የትኛው ዘርፍ ነው ወደ ኋላ የቀረው? በዚህ ክረምት በሳምንት ስንት ቀን ምን ይሥራ?" ይሁን።

ኪንደርጋርተን ስታስመዘግቡ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ይነገራል ብለው ይጠይቋችኋል። "እንግሊዝኛ ካላልኩ ልጄን ወደ ኋላ ያደርጉብኛል" ብሎ የሚፈራ አለ። እውነቱን መልሱ። መልሱ የሚያመጣው የቋንቋ ምዘና ነው፤ ልጁ ካለፈ አለፈ፣ ካላለፈ እርዳታ ያገኛል። አገልግሎቱን አልፈልግም ማለትም የወላጅ መብት ነው። ኪንደርጋርተን የሚገባው በሜሪላንድ እስከ ሴፕቴምበር 1፣ በዲሲና በቨርጂንያ እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት የሞላው ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱ ከኢትዮጵያ ከሆነ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ሳታዩ አትስጡ፤ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ወረቀት ላይ ከገባ ማስተካከሉ ብዙ ያመላልሳል።

"ሥራ ላይ ነኝ፣ እንዴት ልገኝ?" ለሚል ሰው አንድ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ልናገር። ዲሲ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ከ1994 ጀምሮ ያለ ሕግ በ12 ወር ውስጥ 24 ሰዓት ለትምህርት ቤት ጉዳይ ፈቃድ ይሰጣችኋል። ከመምህር ጋር ስብሰባ፣ የልጁ መዝሙር ወይም ቴአትር፣ ጨዋታ፤ ልጁ ራሱ የሚሳተፍበት እንጂ ተመልካች ብቻ የሆነበት መሆን የለበትም። ፒቲኤው ያዘጋጀውም ይቆጠራል። ለአባትና ለእናት ብቻ አይደለም፤ አያት፣ አክስትና አጎትም ይገባሉ፣ ይኼ ለእኛ ቤተሰብ የተሰፋ ይመስላል። ክፍያ የለውም፣ የተጠራቀመ የዕረፍት ቀን ካላችሁ ግን በዚያ መተካት ትችላላችሁ። ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ለአሠሪው ማሳወቅ ያስፈልጋል። አሠሪው ሥራዬን በእጅጉ ያስተጓጉልብኛል ካለ ሊከለክል ይችላል፤ ስለዚህ በጽሑፍ፣ በጊዜ፣ ፈረቃ የሚቀይራችሁን ሰው አዘጋጅታችሁ ጠይቁ።

ፋሲካችንም በዚሁ ወቅት ነው። የትምህርት ቤት ዕረፍት ብዙ ጊዜ የሚጠጋው የምዕራባውያኑን ፋሲካ ነው። በ2026 የእነሱ ኤፕሪል 5፣ የእኛ ኤፕሪል 12 ነው። በ2027 ደግሞ የእነሱ ማርች 28፣ የእኛ ሜይ 2፤ ከወር በላይ ይራራቃል። ስለዚህ ስቅለት የትምህርት ቀን ላይ ይውላል፣ የስቴት ፈተና ጋርም ሊጋጭ ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ የሃይማኖት በዓል ሕጋዊ የመቅሪያ ምክንያት ነው። ግን "አመመው" አትበሉ። "የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ስቅለት ነው" ብላችሁ ከሳምንት በፊት ጻፉ፤ ፈተና ካለም ሌላ ቀን ይፈተናል። ልጁ ስለ በዓሉ መዋሸት እንደሌለበት የሚማረው ከዚያች አጭር ደብዳቤ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ኢንተርናሽናል ናይት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቤተሰቦች የየአገራቸውን ምግብና ባህል ትምህርት ቤት አምጥተው የሚያሳዩበት ይኼ ምሽት ለእኛ ሰው ትልቁ በር ነው። ስብሰባ ላይ እጅ ለማውጣት የሚያፍር ሰው እንጀራ ይዞ መምጣት አያፍርም። ግን በደንብ ካልተዘጋጀ ያደክማል። መጀመሪያ ቤት የተሠራ ምግብ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከሱቅ የተገዛና የተለጠፈበት ካልሆነ የማይቀበል ትምህርት ቤት አለ። ከተፈቀደ፣ ለ150 ልጅ ቅምሻ 15 ትልልቅ እንጀራና ሁለት መጠባበቂያ ይበቃል። ምሽቱ ከፋሲካ በፊት ከሆነ ጾም ነውና የክክ አልጫ ይሻላል፤ ለልጆቹም አይፋጅም። አልጫው ወፈር ብሎ ይሠራ። ቀጠን ካለ እንጀራውን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያርሰውና ሲያነሱት ይበጠሳል። ከቡና ሲኒው ጎን ትንሽ ጥቅልል ስትቀመጥ እንድታምር፣ እንጀራውን ስስ አድርጎ መቀባት፣ ጠበቅ አድርጎ መጠቅለልና አራት ሴንቲ ሜትር ያህል እየለኩ መቁረጥ ነው። ጫፍና ጫፉ ስለሚሳሳ ከአንዱ አሥር ያህል ደህና ቁራጭ ይወጣል። እንጀራው ሳይበርድ ላስቲክ ውስጥ ከገባ ያልበዋል፣ ይጣበቃል። የሁለት ቀን ከሆነ ደግሞ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ጠዋት ተጋግሮ በደንብ የበረደው ነው የሚሻለው። አልጫው ከምድጃ ከወጣ ወይ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እየሞቀ ይቆይ፣ ወይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይበላ።

አንድ ጥንቃቄ። "ጤፍ ነው፣ ግሉተን የለውም" ብላችሁ አትጻፉ። እዚህ አገር የሚሸጠው እንጀራ ብዙው ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ይቀላቀልበታል፤ ግሉተን የማይስማማው ልጅ ቢበላው ይታመማል። ንጹሕ ጤፍ መሆኑን ራሳችሁ ካላረጋገጣችሁ ዝም በሉ። ቆሎ ካቀረባችሁ ለውዙን አውጡት። ሰሊጥ ከ2023 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ዘጠነኛው አለርጂ አምጪ ምግብ ነውና ካለበት ይጻፍ። በየሳህኑ ፊት የተሠራበትን ሁሉ የሚዘረዝር ካርድ ይቀመጥ። ለታናናሾቹም ቆሎ አትስጡ፣ ያንቃቸዋል።

ቡናው! ቡና ስታፈሉ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አትቁሉ። ጢሱ የእሳት ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል፣ ሕንፃው በሙሉ ይወጣል፣ እሳት አደጋ ይመጣል። ቤት ቆልታችሁ ይዛችሁ ኑ። ዕጣኑንም ሳታጨሱ በሳህን አድርጉና ልጆቹ ያሽትቱት። ጥሬውን፣ የተቆላውን፣ የተወቀጠውን ለየብቻ ደርድሩ፤ ሙቀጫና ዘነዘናውን ደግሞ መሐል ላይ አስቀምጡና እያንዳንዱ ልጅ አሥር አሥር ጊዜ ይውቀጥ። ትኩሱ ጀበና ግን ልጅ እጅ በማይደርስበት፣ ግድግዳ ተጠግቶ ይሁን።

የእኔ ምርጫ ግን የፊደል ጠረጴዛው ነው። ምንም አይከፈልበትም፣ ሰልፉም ሁልጊዜ ረጅም ነው። ወፈር ያለ ነጭ ካርድ፣ ጥቁር ማርከር፣ ሁለት ጸሐፊ፤ በደቂቃ አንድ ልጅ ያህል ይስተናገዳል። ስሙን ከወረቀት አትገልብጡት፣ ልጁ ሲጠራው ስሙት። ጄይደን የምትለዋን "ጄ"፣ "ይ"፣ "ደ"፣ "ን" እያላችሁ በየፊደሉ አሳዩት። በእርሳስ ፈዘዝ አድርጋችሁ ጻፉለትና ራሱ ደምቆ እንዲከተለው አድርጉ፤ የሰጣችሁትን ካርድ ሳይሆን የጻፈውን ነው ቤቱ የሚሰቅለው። የትግርኛ ቤተሰቦችም በዚሁ ፊደል ነው የሚጽፉት፤ ጥሯቸው። ኦሮምኛ ተናጋሪዎችም ከጎን የቁቤ ካርድ ቢያዘጋጁ ጠረጴዛው የሁላችን ይሆናል።

ፒቲኤውን ባጭሩ። ብዙ ቦታ የኮሚቴ ምርጫና የሚቀጥለው ዓመት በጀት በሜይ ወይም በጁን ስብሰባ ላይ ነው የሚጸድቀው። ድምፅ የሚሰጠው አባል ነው፣ መዋጮውም ጥቂት ዶላር ነው። የአማርኛ መጻሕፍት ለላይብረሪ እንዲገዙ ከፈለጋችሁ ስብሰባው ላይ ሐሳቡን ከነ ዋጋው አቅርቡ። የሚደግፍ ሌላ አባል ከሌለ ለድምፅ አይቀርብም፤ ስለዚህ አንድ ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ።

ልጆቹን በጉዞ ለመሸኘት ወይም ክፍል ውስጥ ለማገዝ የምታስቡ ደግሞ አስቀድማችሁ ኦፊሱን ጠይቁ። የኦንላይን ሥልጠና የሚጠይቅ አለ፣ አሻራ የሚጠይቅም አለ፤ ሳምንታት ይወስዳል። የጉዞው ሳምንት ላይ ከጀመራችሁ አይደርስላችሁም። መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። በእኛ ባህል የእናትና የልጅ የአባት ስም አንድ ስላልሆነ ኦፊሱ "ይቺ ማን ናት?" ሊል ይችላል። ልጅ መውሰድ በሚፈቀድላቸው ሰዎች ዝርዝር ላይ የእናት፣ የአክስት፣ የአያት ስም ልክ መታወቂያው ላይ እንዳለው፣ በዚያው ሆሄ፣ እንዲመዘገብ አድርጉ።

ፊልድ ዴይ፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ሲጫወቱና ሲወዳደሩ የሚውሉበት ቀን፣ በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን ነው። ልጁ ስኒከር፣ ኮፍያ፣ ስሙ የተጻፈበት የውኃ ጠርሙስ ይያዝ። የጸሐይ ቅባቱን ጠዋት ቤት ቀቡት። ስም ስትጽፉ ደግሞ በአማርኛ ብቻ አትጻፉ፤ በእንግሊዝኛም ይጨመር። ዓመቱ ሲያልቅ የጠፉ ዕቃዎች መደርደሪያ ላይ የቀረ ጃኬት በብዛት ለእርዳታ ይሰጣል፤ መምህሯ ማንበብ የማትችለው ስም ያለበት ጃኬትም አብሮ ይሄዳል። በመጨረሻው ሳምንት ልጃችሁን ስታመጡ አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱና መደርደሪያውን ራሳችሁ እዩት።