የሱቅ ደንበኛ የሚለየው ዕቃ ይዞ የተመለሰ ቀን ነው

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከንግድ ቢሮ የመጣችሁ ተወካዮች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

የሥራና የኦዲት ሪፖርቱ በእጃችሁ ስለሆነ እኔ አልደግመውም። የማወራው ሱቆቻችን ግድግዳ ላይ ስለሰቀልናቸው ሁለት ጽሑፎች ነው። አንደኛው «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ይላል። ከሥሩ ያለው ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ሶሉ የተላቀቀ ጫማ እንኳ መቀየር የማይችል፣ ምን ዓይነት ንጉሥ ነው?

በመሸጥ ማንም አይበልጠንም። ሰው እንዴት እንደሚጠራ፣ ዋጋ የት ላይ እንደሚቆም፣ ምራቂ መቼ እንደሚጨመር መርካቶ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጣጣው ገዢው ዕቃውን ይዞ ሲመለስ ነው። ትናንት «እናቴ፣ ግቢ» ብሎ የተቀበላት ሻጭ፣ ዛሬ ፌስታሉን ሲያይ ፊቱ ይለዋወጣል። «አጥበሽዋል»፣ «ከኛ አልገዛሽም»፣ «ባለቤቱ የለም» ይጀመራል።

እስቲ በገዢዋ ቦታ ሆነን እንየው። በአንድ መደዳ ያለን ሱቆች ብዙ ጊዜ የምንሸጠው ከአንድ አስመጪ የወጣ ተመሳሳይ ዕቃ ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላማ፣ ተወደደ ረከሰ ብሎ ማወዳደሩም ከባድ ሆኗል። ጨርቁ ቀለም ይልቀቅ አይልቀቅ፣ ምድጃው ይቃጠል አይቃጠል ሱቅ ውስጥ ቆማ ልታውቅ አትችልም። ስለዚህ የምትፈልገው ቢበላሽ የሚሰማት ሰው ነው። አንዴ ያለ ጭቅጭቅ የቀየረላት ሱቅ ካገኘች፣ ለመስከረም የልጆቿን ጫማ እዚያው ትገዛለች። እህቷን ትልካለች። ጎረቤት ሱቅ ጥቂት ብር ቢቀንስም ቶሎ አትሄድም።

ሕጉም ቢሆን ከእሷ ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በትህትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንዳይገደድ ይላል። «ይህን ሁሉ አስወርደህ ሳትገዛ ልትሄድ?» የምንል ሰዎች፣ ይቺን ልብ እንበል። ጉድለት ያለበት ዕቃ ከሆነ ደግሞ፣ ገዢው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል።

ብዙዎቻችሁ የምትሉትን አውቃለሁ። «እኔ ብቀይርለት፣ ጅምላ ሻጩ ለኔ አይቀይርልኝም።» እውነት ነው። ኪሳራውን ቸርቻሪው ብቻውን መሸከም የለበትም። የሥራ አመራሩም ከጅምላ ነጋዴዎችና ከአስመጪዎች ጋር ለመደራደር የሚያስችለውን ሐሳብ አዘጋጅቷል። ግን ሳንሸፋፍን እንነጋገር፤ ያለ ደረሰኝ የገዛነውን ዕቃ ይዘን ምን ብለን ነው የምንከራከረው? እኛም ገዢውን «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» እያልን ነው የምናስተናግደው። ለዛሬ ቅናሽ ብለን የነገውን መተማመኛ ከሁለታችንም እጅ እናወጣለን። የንግድ ቢሮ እንግዶቻችን ይህን እንዳልሰሙ ይለፉልኝ።

ስለ ሠራተኞቻችንም አንድ ነገር ልበል። ዕቃ ሊመልስ የመጣን ሰው የሚያመናጭቁት ብዙ ጊዜ ተቀጣሪ ልጆች ናቸው። ክፋት ይዟቸው አይደለም። አንዳንዶቻችን የተመለሰ ዕቃ ሒሳብ ከደመወዛቸው ስለምንቆርጥ ነው። እንዲህ እያደረግን የመስተንግዶ ሥልጠና ብንሰጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ልጁ እስከ አንድ መጠን ድረስ ባለቤቱን ሳይጠብቅ የሚቀይርበት ሥልጣን ይሰጠው።

በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶችም ተከፍቷል። በካፒታል አንወዳደራቸውም። እኛ ያለን ገዢዋን በስሟ ማወቃችን ነው፤ እሱም የሚጠቅመን ፌስታሉን ይዛ ስትመጣም ስሟን ካልረሳን ነው።

ከሻይ በኋላ የሚቀርብላችሁ የውሳኔ ሐሳብ ሦስት ነገር ይዟል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ከአባላት ሱቅ ይውረድ። በቦታው የ15 ቀኑ መብት በግልጽ ይጻፍ። የተመለሰ ዕቃ ከሠራተኛ ደመወዝ አይቆረጥ። የሚቃወም ካለ በነፃነት ይናገር፤ ክርክሩ እንዲያጥር አልፈልግም። በዚህም ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።