ልጅቷን ከትምህርት ቤት ማን ያወጣታል?

ጤና ይስጥልኝ። እናቶች፣ አባቶች፣ እሁዳችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ፓርኪንግ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው።

ስለ ዲፖርት፣ ከአሜሪካ ስለ መባረር፣ ስናወራ ድምፃችን ዝቅ ይላል። «እሱ እኮ ወረቀቱ ተበላሽቶበት...» እንልና ወሬ እንቀይራለን። ዛሬ ጮክ ብለን እናውራው።

አንድ የማውቀው አባት ታክሲ ይነዳ ነበር። እንደ ወትሮው ኢሚግሬሽን ሊፈርም ሄደ፤ እዚያው ያዙት። ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የስምንት ዓመት ልጁ ከትምህርት ቤት የሚያወጣት አጣች። እናቷ ሥራ ላይ ነች፣ ስልኳ ሎከር ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚደውልለት ሌላ ሰው አልነበረም።

አሁን አዲስ አበባ ነው ያለው። ወላጆቹ ቤት ግን አልገባም፤ ክፍል ተከራይቷል። ሰፈሩ «ምን አጥፍቶ ነው?» ይላላ! ስንት ዓመት ሲልክ የኖረ ሰው ባዶ እጁን ሲመጣ እንዲህ ነው። እዚህ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚያ ሌሊቱ ዘጠኝ ነው፤ በብርዱ ወራት ደግሞ አስር። በአላርም ይነሳና ልጁን በስልክ ተረት እያወራ ያስተኛታል። እሷ ትተኛለች። የእሱ እንቅልፍ አይመለስም።

«ልጄ እዚህ ስለተወለደች አይነኩኝም» የሚል ሰው አሁንም ያጋጥመኛል። ልጅ ለወላጅ የመኖሪያ ወረቀት ማመልከት የምትችለው 21 ዓመት ሲሞላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ወረቀት ቆይቶ የወጣን ሰው ተመልሶ እንዳይገባ ለ10 ዓመት ያግደዋል። ዳኛ ዲፖርቱን ሊሰርዝ ይችላል፤ ግን ወላጁ እዚህ 10 ዓመት ከመኖሩ ሌላ፣ ቤተሰቡ ላይ ከተለመደው እጅግ ያለፈ ችግር እንደሚደርስ ማስረዳት አለበት። የልጅ እንባ ብቻ አይበቃም። ይህም በዓመት ለ4,000 ሰው ብቻ ነው፣ በመላው አሜሪካ! ጠበቃም መንግሥት አያቆምላችሁም።

ልጅቷን ወደ አባቷ መላክስ? ፓስፖርት የላትም። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ይጠየቃል። አንዱ ታስሮ ሳለ ፊርማውን ማግኘት ስንት እንደሚያንገላታ አትጠይቁኝ።

ሕጉን ከዚህ አዳራሽ አንቀይረውም። ሜሪላንድ ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ፣ ወላጅ በኢሚግሬሽን ቢያዝ ልጁን የሚረከብ ሰው አስቀድሞ እንዲሰይም ትፈቅዳለች። ሁለት ምስክሮች ፊት ይፈረማል። የወላጅነት መብታችሁ እንዳለ ነው። የክርስትና እናት ትሁን፣ ጎረቤት፣ የዕቁብ ጓደኛ፤ ብቻ የራሷ ወረቀት የተስተካከለ ይሁን። ደግሞ ንገሯት! ስሟን ጽፈው ሳይነግሯት የቀሩ አሉ።

ቅጾቹ ከረከቦቱ ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። እስክሪብቶ አምጥቻለሁ። ለፓስፖርቱ ፈቃድ ደግሞ ኖታሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) የሆነች እህታችን በረካው እስኪጠጣ ድረስ ትቆያለች።