ቀዩን ነገር ጣልኩት

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ርዕሱ ደሞ ትንሽ ያሳፍራል፣ ምሳ እየበላችሁ የምትሰሙ ካላችሁ ይቅርታ። የማወራው ስለ ስቲንክ ባግ የዘር ፍሬ ነው። ያ ጋሻ የሚመስለው አረንጓዴ፣ ቲማቲምና ባቄላ ላይ የሚቀመጠው፣ ነካ ሲያደርጉት የሚገማው ነፍሳት።

ማስተርሴን ስሰራ ነው ነገሩ። አማካሪዬ ወንዱን ከፍተሽ የዘር ፍሬውን አውጪ አሉኝ፣ እኔም ምን እንደሚመስል ሳልጠይቅ እሺ ብዬ ገባሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ያው በግ ሲታረድ ያየሁት ነጩ ነገር ነው። ክንፉን አነሳሁ፣ ጀርባውን በትንሿ መቀስ ቀደድኩ፣ ውሃ ጠብ አደረግኩበት፣ ስብ አለ፣ አንጀት አለ፣ ግራና ቀኝ ደሞ ወደ ብርቱካን የሚሄድ ቀይ ነገር አለ። ደም የቋጠረ መሰለኝና በሶፍት ጠርጌ ጣልኩት። እንደዚህ እያደረግኩ ስድስት ወንድ ፈጀሁ። የነፍሳት ደም ቀይ እንዳልሆነ እኮ ሃይስኩል ተምሬዋለሁ! አማካሪዬ መጡና ሶፍቱን አየት አድርገው «ይሄ ምንድነው ታዲያ?» አሉኝ።

ቀለሙ ያለው ሽፋኑ ላይ ነው። እሱን ገፈፍ ስታደርጉት እንደ ብርቱካን ፍልቃቂ ጎን ለጎን የተደረደሩ ከረጢቶች ታገኛላችሁ፣ እንደ ዝርያው ይለያያል ግን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ናቸው። የከረጢቱ ጫፍ ላይ ገና መከፋፈል የጀመሩ ህዋሶች አሉ፣ ወደ መውጫው ስትወርዱ እያደጉ ይሄዱና ታች ጋ ጅራት ያወጡትን ታያላችሁ፣ ማለት ባንድ ስላይድ ህፃኑም ጎረምሳውም ሽማግሌውም ሰልፍ ይዞ ቆሟል። ደሞ ካንድ ህዋስ የተወለዱት በስስ ሽፋን ተጠቅልለው አብረው ነው የሚያድጉት፣ መጨረሻ ላይ ጭንቅላታቸውን ባንድ በኩል አድርገው እንደ ጤፍ ነዶ ይታሰራሉ።

እኔ በጣም የምወደው ጅራቱ ሲሰራ ነው። የህዋሱ ማይቶኮንድሪያዎች፣ ማለት ጉልበት የሚያመነጩለት ክፍሎቹ፣ በሙሉ ይሰበሰቡና ተጣብቀው ኔበንከርን የሚባል ድብልብል ይሆናሉ፣ ቆርጣችሁ ስታዩት እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው። ከዛ ለሁለት ይከፈልና ልክ ከልቃቂት ላይ ፈትል እንደሚተረተረው በጅራቱ ርዝመት ይሳባል። ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቼ አንገቴ እስኪደነዝዝ አይቼዋለሁ።

በነገራችን ላይ ይሄ አረንጓዴው፣ ኔዛራ ቪሪዱላ፣ ትውልዱ ኢትዮጵያ ነው የሚል ጽሁፍ ታገኛላችሁ። ቶሎ አትኩሩ። የድሮ የእንስሳት ጂኦግራፊ ከሰሃራ በታች ያለውን አፍሪካ በሙሉ «የኢትዮጵያ ክልል» ነበር የሚለው።

ብቻ የነዚህ ነፍሳት ዘመዶች ውለታ አለብን። ፆታ ከሚወስኑት ክሮሞዞሞች፣ ማለት ዘር ከሚሸከሙት ክሮች፣ አንዱ የሆነው ኤክስ ስሙን ያገኘው ከነሱ ነው፣ ጀርመናዊው ተመራማሪ ሄርማን ሄንኪንግ በ1891 ፋየርባግ የሚባለውን ቀይ ነፍሳት የዘር ፍሬ ሲያይ ወደ ግማሹ ስፐርም ብቻ የሚሄድ አንድ ነገር አገኘና ምን እንደሆነ ስላልገባው ኤክስ ብሎ ተወው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤድመንድ ዊልሰንም በ1905 ስለ ፆታ ክሮሞዞም የጻፈው ከነዚሁ ወገን ሰብስቦ ነው። የኛው ኔዛራ 14 ክሮሞዞም አለው፣ ወንዱ ኤክስና ዋይ። እና ደሞ ግራ የሚያጋባው፣ ስፐርም ሲሰራ ህዋሱ ሁለቴ ይከፈላል፣ ሌሎቹ ክሮሞዞሞች ጥንድ ጥንዳቸው በመጀመሪያው ክፍፍል ሲለያይ፣ ኤክስና ዋይ የሚለያዩት በሁለተኛው ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። በአንዳንድ ዝርያዎች፣ በተለይ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካዎቹ፣ ከከረጢቶቹ አንዱ ሃርለኩዊን ይባላል፣ ያው በአውሮፓ የድሮ ቲያትር ቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ልብስ የሚለብሰው ቀልደኛ ማለት ነው። እዛ ውስጥ ክሮሞዞሞቹ በወጉ አይጣመሩም፣ ዝም ብለው ይጣበቁና አንዱ ስፐርም ብዙ ይደርሰዋል ሌላው ትንሽ። አጠገቡ ያለው ከረጢት ስራውን በስርአት ይሰራል፣ ይሄኛው ደሞ ያበላሻል፣ በሽታ እንዳትሉት በጤናማው ወንድ ሁሉ፣ ትውልድ በትውልድ፣ እዛው ቦታ ላይ አለ! የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፍራንዝ ሽራደር አመታት የፈጀበት ነገር ነው። እንቁላሉን ለመመገብ ይሆናል የሚል ግምት አለ፣ የሌላ ወንድ ስፐርም መንገድ ለመዝጋት ነው የሚልም አለ። እኔ ሁለተኛው ይመቸኛል፣ ግን ያው ምርጫ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ይሄው ሽራደር ከሴሲሊ ሎይሽተንበርገር ጋር በ1950 አርቬሊየስ የሚባለውን ዝርያ አዩ። ህዋሶቹ ከከረጢት ከረጢት በጣም ይበላለጣሉ፣ ትልቆቹ ፕሮቲናቸውም አር ኤን ኤያቸውም ብዙ ነው፣ የዘር መረጃ የሚይዘው ዲ ኤን ኤያቸው ግን ሲለካ እኩል። የዲ ኤን ኤ ድርብ ጥምዝምዝ ቅርጽ እኮ የታወቀው በ1953 ነው፣ ገና ዲ ኤን ኤ ምን እንደሆነ በሚጨቃጨቁበት ሰአት የትልቁም የትንሹም ህዋስ አንድ ልክ ሆኖ መገኘቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ይሄን ሁሉ ያነበብኩት ግን በኋላ ነው። ያን ቀን ማታ እጄን ሶስቴ በሳሙና ታጥቤ ሽታው አልለቅ ብሎኝ ታክሲ ውስጥ ከጎኔ ያሉት ሴትዮ መስኮት ከፈቱ። ቤት እንደገባሁ እማዬ ደወለች።

«ምን ስትሰሪ ዋልሽ የኔ ልጅ?»

«የነፍሳት ቆለጥ ስፈልግ።»

ትንሽ ዝም አለች። «አገኘሽው?»

«አግኝቼ ጣልኩት እማ።»