ፔስት የሚከለክሉ ድረ ገጾችን በፋየርፎክስ ማለፍ

(በስክሪኑ፦ የምዝገባ ቅጽ። ጠቋሚው የይለፍ ቃል ማስገቢያው ላይ ቆሟል።)

ሃያ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የይለፍ ቃል አዘጋጅታችኋል። ሳጥኑ ውስጥ ፔስት ልታደርጉት (ኮፒ ያደረጋችሁትን ልትለጥፉት) ስትሞክሩ ግን ምንም አይገባም። የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ስትጫኑ ደግሞ “ተከልክሏል” የሚል መልእክት ብቅ ይላል።

ብዙ ሰው ክልከላው ከሩቅ፣ ከድረ ገጹ ሰርቨር የሚመጣ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ከገጹ ጋር አብሮ የሚወርድ አጭር የጃቫስክሪፕት (የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ) ትእዛዝ ነው፤ የሚሠራውም እናንተው ብራውዘር ውስጥ ነው። ብራውዘሩ “የቀኝ ቁልፍ ተጫነ” ብሎ ለገጹ ያሳውቃል፤ ገጹ “እነ ኮፒና ፔስት ያሉበትን ዝርዝር አታሳይ” ይላል፤ እርሱም ይታዘዛል። እንግዲህ “አትታዘዝ” ማለት የእናንተ ፋንታ ነው።

ለቀኝ ቁልፉ ቅንብር መንካት እንኳን አያስፈልግም። ፋየርፎክስ ላይ ሺፍትን ይዛችሁ የቀኝ ቁልፉን ተጫኑ፤ ገጹ ወደደም ጠላም ዝርዝሩ ይከፈታል።

ለፔስት ግን እስከ ፋየርፎክስ የቅንብር ጓዳ ድረስ መግባት የግድ ነው።

(በስክሪኑ፦ የሚጻፈው አድራሻ about:config እና የሚፈለገው ቃል clipboardevents ጎላ ብለው ይታያሉ።)

በአድራሻ ሳጥኑ “አባውት”፣ ሁለት ነጥብ፣ “ኮንፊግ” ብላችሁ ያለ ክፍተት ጻፉ። ፋየርፎክስ ያስጠነቅቃችኋል፤ የምሩን ነው፣ የማታውቁትን አትንኩ። አደጋውን ተቀብላችሁ ስትቀጥሉ በሚመጣው መፈለጊያ “ክሊፕቦርድኢቨንትስ” የሚለውን ፈልጉ። በመስመሩ ቀኝ ጫፍ ያለውን ምልክት አንዴ ስትነኩት “ትሩ” (የበራ) የነበረው “ፎልስ” (የጠፋ) ይሆናል። ከዚያ ቅጹን እንደገና ክፈቱት።

ኮንትሮልና ቪ ሲጫኑ እያደባ የሚይዝ ግትር ገጽም አለ። እርሱን ለማለፍ በሺፍትና በቀኝ ቁልፍ ከሚከፈተው ዝርዝር ፔስት የሚለውን ምረጡ።

ክልከላው ለደኅንነት ነው የሚል መከራከሪያ ትሰሙ ይሆናል። የብሪታንያ ብሔራዊ የሳይበር ደኅንነት ማዕከል ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ድረ ገጾች የይለፍ ቃል ፔስት ማድረግን እንዲፈቅዱ መክሯል። ፔስት ሲከለከል ሰው የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራሙን ይተውና በቃሉ የሚይዘውን አጭር ቃል ይመርጣል፤ እርሱንም አሥር ቦታ ይደጋግመዋል። ጥበቃ ተብሎ የተሠራው ነገር በሩን ለሌባ ይከፍታል ማለት ነው።

ቅንብሩን “ፎልስ” ማድረግ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ጎግል ዶክስን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ኮፒና ፔስትን በራሳቸው መንገድ ስለሚያስተናግዱ ሥራቸው ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ቅጹን ሞልታችሁ ስትጨርሱ ወደ “ትሩ” መልሱት።

ክሮም እንዲህ ያለ ማብሪያና ማጥፊያ የለውም። ከአድራሻው በስተግራ ባለው ምልክት ገብቶ ለአንድ ጣቢያ ጃቫስክሪፕትን መዝጋት ይቻላል፤ ቅጹ ራሱ አብሮ ሊሞት ስለሚችል ግን የሚበጀው ኮፒ ማድረግን ለሚከለክሉ የሚነበቡ ገጾች ነው።

(በስክሪኑ፦ አንድ ረጅም መጣጥፍ። ማውሱ ሲጎተት ምንም አይመረጥም።)

ኮፒ ልታደርጉት የፈለጋችሁት ጽሑፍ ጨርሶ አልመረጥ ካለ፣ ምክንያቱ ጃቫስክሪፕት ሳይሆን የገጹ የአቀራረብ ሕግ ሊሆን ይችላል። በዊንዶውስ ላይ ፋየርፎክስን የምትጠቀሙ ኤፍ 9ን ተጫኑ። መጣጥፉ ከጌጡና ከማስታወቂያው ተለይቶ በንባብ ገጽታ ይከፈታል፤ እዚያ የፈለጋችሁትን አንቀጽ መርጣችሁ መውሰድ ትችላላችሁ።