የወርድ ባክአፕ ማክሮ የአማርኛ ፋይል ላይ ለምን ይከሽፋል?

[ስክሪን፦ «ባክአፕ» የሚል ፎልደር። ውስጡ ባዶ ነው።]

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ?

ይህ ፎልደር የኔ ነው። ለሦስት ሳምንት ያህል ወርድ ላይ ኮንትሮል ኤስ በተጫንኩ ቁጥር የሰነዴ ቅጂ እዚህ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ማክሮ፣ ማለትም ወርድ በራሱ የሚፈጽመው አጭር የትእዛዝ ኮድ፣ ጽፌለታለሁ፤ ስህተት የሚል መልእክት አይቼ አላውቅም። አንድ ማታ መብራት ድርግም አለ። ሲመለስ ዋናው ፋይል አልከፈት አለኝ። ወደ ባክአፑ ሄድኩ። አንድም ቅጂ የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ከታተመው ወረቀት ላይ እያየሁ መልሼ ተየብኩ።

ዛሬ ያንን ማክሮ አብረን እንፈትሸዋለን። በአማርኛ ለምትጽፉ ሰዎች ነው የማዘጋጀው፤ ዋናው በሽታ እኛን ለይቶ የሚይዝ ነውና።

[ስክሪን፦ የማክሮው ኮድ]

ኦልት ይዛችሁ ኤፍ 11 ስትጫኑ የኮዱ መጻፊያ ይከፈታል። መጀመሪያ የምትፈልጉት መስመር «ኦን ኤረር ሪዙም ኔክስት» የሚለውን ነው። ትርጉሙ «ስህተት ቢፈጠርም ዝም ብለህ እለፍ» ማለት ነው። ብዙ ሰው ከኢንተርኔት የሚቀዳው ማክሮ ውስጥ አለ። የኔም ውስጥ ነበረ። አጥፉት። ባክአፕ የሚይዝ ማክሮ ካልሠራ መጮህ አለበት። ዝም የሚል ከሆነ ባይኖር ይሻላል፤ ባይኖር ኖሮ እኔ ቢያንስ ፍላሽ ላይ እገለብጥ ነበር።

መስመሩን ካጠፋችሁ በኋላ ኤፍ 8ን እየተጫናችሁ ማክሮውን አንድ አንድ መስመር አስኪዱት። የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ቢጫ ቀለም ይቆማል። የኔ እዚህ ጋ ቆመ።

[ስክሪን፦ የፎልደሩ ስም ያለበት መስመር በቅርበት]

ጠጋ ብላችሁ እዩት። እኔ የጻፍኩት «ባክአፕ» ነው። ኮዱ ላይ ያለው «????» ነው። አራት ፊደል፣ አራት የጥያቄ ምልክት።

ምን ሆነ? ወርድ ውስጥ ማክሮ በቪዥዋል ቤዚክ መጻፍ የተጀመረው በ1997ቱ ስሪት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ወርድ ራሱ አድጓል፣ አማርኛውን ያለ ችግር ይጽፋል። የኮድ መጻፊያው ግን እስከ ዛሬ በድሮዎቹ የዊንዶውስ የፊደል ሠንጠረዦች ነው የሚሠራው። እነሱ ውስጥ ደግሞ «ሀ» የለችም፣ «ለ»ም የለችም። የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ዊንዶውስ ደግሞ በፋይልም ሆነ በፎልደር ስም ውስጥ የጥያቄ ምልክት አይቀበልም። በቃ፣ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው።

ስለዚህ ኮዱ ውስጥ የምትጽፉት የፎልደር ስም በላቲን ፊደል ይሁን። ደስ አይልም፣ አውቃለሁ። ግን ይሠራል።

የሰነዱስ ስም? የሰነዴ ስም «ምዕራፍ 3» ነው። እሱን መቀየር አያስፈልግም። ማክሮው ስሙን ከወርድ ተቀብሎ ሲይዘው ፊደሉ እንዳለ ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይታለላል። ስሙን በመልእክት ሳጥን ስታሳዩት ሳጥኑም የጥያቄ ምልክት ያወጣል። ስሙ የተበላሸ ይመስላችኋል። አልተበላሸም፤ ማሳየት ያቃተው ሳጥኑ ነው። ለማረጋገጥ የመጀመሪያውን ፊደል ቁጥር በ«አስክ ደብልዩ» ጠይቁት። ለምሳሌ «መ» ከሆነች 4632 ይላችኋል። እውነተኛ የጥያቄ ምልክት ከሆነ 63 ይላል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ የሌለ ስህተት ስፈልግ አመሸሁ።

ቀጥሎ ቅጂውን የሚሠራው ትእዛዝ። እኔ የተጠቀምኩት «ፋይል ኮፒ» ነበር። ሁለት ችግር አለበት። የአማርኛ ስም ሲሰጠው እሱም ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል። ስሙን በላቲን ብታደርጉት እንኳ የተከፈተ ሰነድ አይገለብጥም፤ ስህተት ቁጥር 70፣ «ፈቃድ የለም» ይላል። በእሱ ፈንታ «ፋይል ሲስተም ኦብጀክት» የሚባለውን ተጠቀሙ። የእሱ መገልበጫ አማርኛም ያነባል፣ የተከፈተ ሰነድም ይገለብጣል። ሁለት ነገር ብቻ አትርሱ። የሚገለብጠው ዲስክ ላይ ያለውን ስለሆነ መጀመሪያ ሰነዱን ሴቭ ያድርግ። የፎልደሩ አድራሻ መጨረሻ ላይ ደግሞ ባክስላሽ ይኑር፤ ከሌለ ፎልደሩን እንደ ፋይል ቆጥሮ ይሳሳታል።

[ስክሪን፦ የወርድ መስኮት፣ ከላይ የፋይሉ ስም]

«ሴቭ አዝ» የሚል ማክሮ ያላችሁ ደግሞ ዓይናችሁን ከላይ ወደ ርዕሱ አንሡ። ማክሮው ከሮጠ በኋላ የምን ስም ይታያል? የባክአፑ ስም ከሆነ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የምትጽፉት ቅጂው ላይ ነው። ዋናው ሰነድ ወደ ኋላ ቀርቷል። ማታ ዋናውን ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ለአማካሪያችሁ ትሰጣላችሁ፤ የቀኑ ሥራ ግን ውስጡ የለም። ይህ ከባዶ ፎልደር ይብሳል፣ ቶሎ አይታወቅምና። ወይ ወደ መገልበጫው ተመለሱ፣ ወይ ማክሮው ሁለተኛ «ሴቭ አዝ» አድርጎ ወደ ዋናው ስም ይመለስ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ። ስሙ ላይ ቀን የምትጨምሩ ከሆነ በቀንና በወር መካከል ያዘነበለ ሰረዝ አታድርጉ፣ በሰዓቱም ውስጥ ሁለት ነጥብ አታስገቡ። ዊንዶውስ ሁለቱንም በስም ውስጥ አይፈቅድም። ፍላሽ ላይ የምትገለብጡ ከሆነ፣ ዛሬ «ኢ» የተባለው ፍላሽ ነገ «ኤፍ» ሊሆን ይችላል። አዲስ ሰነድ ገና ሴቭ ካልተደረገ አድራሻው ባዶ ነው፤ ማክሮው ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ። ሰነዱ ዋንድራይቭ ላይ፣ ማለትም በማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ከሆነ ወርድ የሚሰጣችሁ አድራሻ የድረ ገጽ አድራሻ ሊሆን ይችላል፣ መገልበጫው ያንን አያውቀውም።

[ስክሪን፦ «ምዕራፍ 3» ተከፍቶ]

አሁን እንሞክረው። ሰነዱ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር እጽፋለሁ፦ «ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40»። ኮንትሮል ኤስ። ወርድን እዘጋለሁ። አሁን የምከፍተው ዋናውን አይደለም፣ ባክአፕ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ነው። ወደ መጨረሻው ገጽ እወርዳለሁ።

«ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40»። አለ።